የእትዬ ደብሬ ትንንሽ ሳህኖች

«ኻልቶ ብርቄ፣ ማማ ሞተ» አለችኝ አማል በስልክ።

አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ካርቱም ተወልዳ በአባቷ ቋንቋ ያደገች ልጅ ናት፤ እኔን እንደ አክስት ስለምታየኝ «ኻልቶ» ትለኛለች። ማን እንደሞተ ወዲያው አልገባኝም። «ማን? ማን ሞተ?» ስላት በዐረብኛ ደገመችልኝ። እናቷ እትዬ ደብሬ ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በትኩሳት ታማ፣ ምን ዓይነት ትኩሳት እንደሆነ እንኳ የሚለይ ሳይገኝ፣ ሞታ ተቀብራለች። የልጅቷ ድምፅ ደረቅ ነበር። አላለቀሰችም። እኔም ወዲያው አላለቀስኩም። ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ እትዬ ደብሬና እኔ ከሌሎች ጋር የተጋራነው ሆሽ፣ ማለትም ግቢ፣ መሃል ቆሜ ከጦርነቱ ወዲህ ያልተከፈተውን በሯን ስመለከት ቆየሁ።

ስለ እትዬ ደብሬ አንድ ነገር ብቻ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። «ልጇን የምታስርበው ሐበሻ» ይሏት ነበር። ወሬው ከኦምዱርማን ተነሥቶ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ሳጃና ድረስ መጥቷል፤ የእኛው ሰዎችም ተቀብለው አዳርሰውታል። እኔ ግን ከእርሷ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ስለኖርኩ የሆነውን አውቃለሁ።

አጭርና ቀጭን ሴት ነበረች። ምላሷ ምላጭ ነው። ንግግሯን በአፏ ትጀምረውና በእጇ ትጨርሰዋለች፤ «ያ ሰውዬ እንግዲህ...» ትልና መዳፏን ወደ ውጭ ትወረውረዋለች፤ የቀረውን የሚሰማት ሰው ይሞላዋል። የላስታ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና ሕፃን ሳለች በእግሯ ወጥታ፣ ምሥራቅ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት ቦታ አድጋ፣ ከዚያ ነው ካርቱም የገባችው። ስለዚያ መንገድ የሚጠይቃት ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ተራመድን፣ ደረስን»፤ ከዚያ መዳፏ።

እንጀራዋ ዘላቢያ ነበር። ገና ሳይነጋ ሆሹ መሃል ዘይት ትጥዳለች፤ ሊጡን እየቆነጠረች ትጥላለች፤ ሲያብጥና ሲቀላ አውጥታ ስኳር ትነሰንስበታለች። ወደ ሥራ የሚሄደው ሁሉ በራችን ላይ ቁጭ ብሎ በሻይ በልቶ ይሄዳል። ባሏ ዑስማን ሐፍላ የምንለውን የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ሱዳናዊ ነው፣ ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ላለው ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሲሆን የሚስቱ፣ ከእናቱ ጋር ሲሆን የእናቱ።

ብዙ ጽንስ ከተጨናገፈባት በኋላ የቀረችላት አማል ብቻ ናት። እትዬ ደብሬ ልጇን ስታበላ ላየ ሰው ፍቅር ነው ወይስ ፍርሃት ለመለየት ያስቸግር ነበር። ልጅቷ «ጠገብኩ» ስትል «የጠገበ ሰው እንዲህ አይልም» ትልና አንድ ጉርሻ ትጨምራለች። ካለቀሰች ዳቦ፣ ከወደቀች ብስኩት፣ ፈተና ካለፈች ባስታ፣ ፈተና ከወደቀችም ባስታ። ባስታ ማለት በስኳር ሽሮፕ የተነከረ የዐረብ ጣፋጭ ነው፤ ዑስማን ሐሙስ ሐሙስ በካርቶን ይዞ ይመጣል። አልጋዋ ሥር ደግሞ ጆንያ በጆንያ ላይ ነው፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ተምር፣ የደረቀ ዳቦ። «ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ስላት «ለነገ» አለችኝ። ነገ መጥቶ ያልፋል፤ ጆንያው ግን ይጨምራል እንጂ አይጎድልም።

አማል ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ደረጃ መውጣት ተሳናት። ተኝታ ስታንኮራፋ እንደ ሽማግሌ ነው፤ በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። እያንኮራፋች በመሃል ትንፋሿ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተርበትብታ ትመልሰዋለች። ትምህርት ቤት «ፊል» አሏት፤ ዝሆን ማለት ነው። አንድ ቀን ከተማሪዎች ፊት ተቀምጣ ስትነሣ የደንብ ልብሷ ከጎኗ ተተረተረ። በማግስቱ «ሆዴን አሞኛል» አለች። በሳልስቱም። እኔ በዚያን ጊዜ የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበርና፣ እትዬ ደብሬን ጎትቼ ልጅቷን ይዘን ሄድን።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሱዳናዊት ናት። ልጅቷን መረመረቻት፣ ደሟን አስወሰደች። ከዚያ እናትየዋን ትታ ልጅቷን ጠየቀቻት፦

«ከትምህርት ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ዓይንሽ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?»

አማል አሰበች። «ማማ ጠዋት የጠበሰችው ዘላቢያ የተረፈው።»

«ከዚያስ?»

«ዳቦ። ከዚያ ባባ ያመጣው ባስታ።»

«ስትበሉስ?»

«ቴሌቪዥን እያየን።»

ሐኪሟ ወደ እትዬ ደብሬ ዞረች። «ስኳሯ ከፍ እያለ ነው። ግን ልጅቷ ምንም ጥፋት የለባትም። ልጅ የሚያየውን ይበላል። አትቆጪያት፣ 'ተይ' አትበያት፣ ሰውነቷን በክፉ አታንሺባት። ቤቱን ቀይሪ።»

«ቤት ልቀይር?» አለች እትዬ ደብሬ ደንግጣ። «ዶክቶራ፣ ይሄንንስ በስንት ልመና ነው ያገኘሁት!»

ሐኪሟ ሳቀች። «ሆሹን ልቀቂ አላልኩሽም። ልጅቷ መብላት የሌለባት ነገር ቤት ውስጥ አይግባ ነው የምልሽ። ለእርሷ ተከልክሎ ለእናንተ ከተፈቀደ ግን አይሠራም፤ አንድ ቤት አንድ ምግብ። ድስቱ ማዕድ ቤት ይቅር። ሳህኑ ይነስ። እየበላችሁ ቴሌቪዥን ይጥፋ። እጇ የሚደርስበት ቦታ ዘላቢያና ዳቦ ሳይሆን ኪያርና ብርቱካን ታስቀምጪላታለሽ። ሲከፋትም ደስ ሲላትም በምግብ አታባብያት።»

«በምን ላባብላት ታዲያ?» አለች እትዬ ደብሬ። እየቀለደች አልነበረም። እውነት አታውቅም ነበር።

ሆሹ በር ላይ ስንደርስ «አየሽ ብርቄ» አለችኝ፣ «ከሆድ በፊት የሚርበው ዓይን ነው። እኔ ይሄንን አጥቼው አይደለም።»

በማግስቱ ጀመረች። ስትጀምር ደግሞ ግማሽ የለም። ሁላችንም በአንድ ላይ ከብበን የምንበላበትን ትልቁን ሳኒያ፣ ያንን የቆርቆሮ ትሪ፣ አጥባ ለጎረቤት ሰጠችው። ከገበያ ትንንሽ ሳህኖች ገዝታ መጣች፤ የሕፃን መጫወቻ የሚመስሉ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ። ወጡን ማዕድ ቤት ውስጥ ለየሰው አውጥታ ታመጣለች፤ ድስቱ ከምድጃው አይነሣም። ቴሌቪዥኑን ወደ መኝታ ክፍሉ ጥግ አዙራ ጨርቅ አለበሰችው። ሻይ ውስጥ የሚገባው ስኳር ሲቀንስ ዑስማን አፉን አጣሞ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ የቀለም ውሃ?» አለ።

አልጋው ሥር ያለው ጆንያ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ከዳት። ተንበርክካ አንዱን ጫፍ ይዛ ቀረች። ገብቼ ሳያት ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ብርቄ፣ አንቺ አውጪው» አለችኝ። «እኔ አልችልም።»

ወደ እኔ ክፍል አጓጓዝኩት። እርሷ እስክጨርስ ድረስ ሆሹ ውስጥ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ «እንዴት አደርሽ» እንኳ ሳትል ጆንያውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ትወጣለች። ምንም አትወስድም። መኖሩን ማወቅ ብቻ ነው የምትፈልገው።

ከሁሉ የከበደው ግን ዘላቢያው ነበር። ሽታው ልጅቷን ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል፤ የተረፈው ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ሥር ይውላል። እትዬ ደብሬ ምድጃውን ወደ ሌላ መንደር ልትወስደው ሞከረች፤ እዚያ ያሉት ሴቶች ቦታ ነፈጓት። በመጨረሻ ዘይቱን ደፋችና ቡሪ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። የራሷ ጌታ የነበረች ሴት በዚያ ዕድሜዋ የሰው ትእዛዝ ተቀባይ ሆነች። «እመቤቲቱ ዐርፈሽ አትቀመጪ ይሉኛል» አለችኝ አንድ ቀን፤ «እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ መቼ ዐርፌ...» አለችና መዳፏን ወረወረች።

አማል መጀመሪያ ላይ አበደች። ሳህኑን ገለበጠች፣ ጮኸች፣ በዐረብኛ ተሳደበች፤ «የሰው እናት ያበላል!» እያለች ሆሹን አናወጠችው። ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። «ደብሬ፣ ኧረ ስለ ማርያም፣ አንድ ልጅሽን!» ይሏታል። «ሰው እንኳን ልጁን ውሻውን ያበላል» ያለችም አለች። እትዬ ደብሬ፣ ያቺ ለሰው መልስ የማታጣው ሴት፣ ዝም ትላለች። ልጅቷ ጮኻ ሲደክማት አጠገቧ ትቀመጥና ጸጉሯን ትሠራላታለች። በምግብ ፋንታ ያገኘችው ማባበያ ይህ ነበር። ጸጉሯን ትሠራና ታፈርሰዋለች፣ ደግሞ ትሠራዋለች።

ዑስማንም የራሱ ፈተና ነበረበት። ለልጁ ፍቅሩን የሚያሳይበት ሌላ መንገድ አያውቅም። አንድ ሐሙስ ባስታውን ጀለቢያው ሥር ደብቆ ገባ። አማል ገና ከበሩ በሽታ ለየችው። እትዬ ደብሬ ካርቶኑን ከእጁ ተቀብላ ወጣችና ለመንገድ ልጆች አደለችው። ተመልሳ «ዑስማን፣ ልጅህን ስትወዳት ሐብሐብ አምጣላት» አለችው። የሚቀጥለው ሐሙስ ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። ሲቆርጠው ቀና ብሎ አላየንም፤ የተሸነፈ መስሎት ነው።

ጊዜ ፈጀ እንጂ ለውጡ መጣ። ጩኸቱ ቀነሰ። አማል ሳትጠየቅ ኪያር አንሥታ እየገመጠች የቤት ሥራዋን ትሠራ ጀመር። በግድግዳው በኩል የምሰማው ያ የታነቀ ትንፋሽ ለስለስ አለ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሟ ደሟን አይታ የእትዬ ደብሬን ግንባር ሳመቻት። በዚያ ቤት ግን ስለ ክብደት አንድም ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ሚዛንም አልገባም። «እኔ ልጅ ነው የማሳድገው እንጂ በግ አልሸጥም» ትል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በዒድ ነው። ዑስማን ሁላችንንም ጭኖ እናቱን ሊያስጠይቅ ኦምዱርማን ወሰደን። እናቱን ሁሉም ሐቦባ ነፊሳ ይሏታል፤ ሐቦባ አያት ማለት ነው። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ቤቷ ለእንግዳ የማይዘጋ ሴት ናት። ልጅ ሲወፍር ለእርሷ ጤና ነው፣ ሀብት ነው፤ ሴት ልጅ ስትወፍር ደግሞ ነገ ጥሩ ባል ነው። አማልን በሩ ላይ ስታያት እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች።

«ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ? ሥጋዋ የት ሄደ?»

«ታማ ነበር፣ ሐቦባ፤ አሁን ተሽሏታል» አለች እትዬ ደብሬ በትሕትና።

ሐቦባ ነፊሳ እንባዋን ጠረገችና ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት አየቻት። «አንቺ ከረሃብ አገር ነው የመጣሽው» አለቻት። «ልጃችንንም ረሃብ ልታስተምሪያት ነው?»

ዑስማን አንገቱን ደፋ። እትዬ ደብሬ ቀጥ ብላ ቆማ «ረሃብን አውቀዋለሁ፣ እናቴ» አለች። «ይሄ እሱ አይደለም።»

በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ድልድዩ ላይ፣ ውሃውን እያየች ያን ያህል ዓመት ያላወራችውን ነገረችኝ። «በመንገድ ላይ ታናሽ ወንድሜ ነበረ። 'እርቦኛል፣ እርቦኛል' እያለ ሲያለቅስ አልፈራሁም። ዝም ሲል ነው የፈራሁት። ረሃብ ድምፅ የለውም፣ ብርቄ። የኔ ልጅ ትጮኽብኛለች፣ ትሰድበኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

በእረፍት ጊዜ አማል «ለትንሽ ቀን» ተብላ ወደ ሐቦባ ቤት ሄደች። ትንሹ ቀን ረዘመ። ትምህርት ሲከፈት ዑስማን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ይሻላል አሉ» አለ። እትዬ ደብሬ እኔን ይዛ ኦምዱርማን ገባች። አጎቶች ተሰበሰቡ፤ ሽማግሌው «ልጅቷ ትጠየቅ» አሉ። አማል ከሐቦባዋ ጎን ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊቷ ባስታ የሞላበት ትሪ አለ።

«ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

አማል እናቷን አየች። ከዚያ ትሪውን። «ከሐቦባ ጋር» አለች።

አልፈርድባትም፤ ልጅ ናት። ስንመለስ እትዬ ደብሬ መንገድ መሃል ቆመችና ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። «ጣፋጭ አሸነፈኝ» አለች። «ብዙ ነገር ያሸንፈኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጣፋጭ ያሸንፈኛል አላልኩም።»

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ብርቱካንና ዘይቱን ይዛ ድልድዩን ትሻገራለች። ብርቱካኑን ተቀብለው ያስቀምጡታል፤ ለአማል ሳኒያው ይቀርባል፤ ሐቦባ አጠገቧ ተቀምጣ ሥጋውን በእጇ ትመርጥላታለች። ልጅቷ በየሳምንቱ ትከብዳለች። እንደገና ማታ ማታ ትታነቅ ጀመር፤ የስኳር ክኒን ተጀመረላት። አንድ ጊዜ እትዬ ደብሬ «የባስታው ትሪ ቢያንስ ከዓይኗ ዞር ይበል» ብላ ሐቦባን ለመነች። «ቤቴ እንግዳ ይመጣል» አለች ሐቦባ።

«የሰው ቤት መቀየር አይቻልም» አለችኝ እትዬ ደብሬ ስትመለስ። «ክፋቷ ቢሆን እኮ እጣላት ነበር። ፍቅሯ እውነት ነው። የከፋው እሱ ነው።»

አማልም እየራቀቻት ሄደች። ቃሉን ከየት እንደሰማችው ግልጽ ነው፤ አንድ ዓርብ ጓደኞቿ ፊት «እናቴ ናት፤ የምታስርበኝ» ብላ አስተዋወቀቻት። እትዬ ደብሬ ይህንን ስትነግረኝ መዳፏን አልወረወረችም። እጇ ጭኗ ላይ ቀረ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ድልድዮቹ ተዘጉ። ዑስማን አውቶቡሱን ይዞ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር መመለስ አቃተው፤ በኋላ ፖርት ሱዳን ገባ። እኛ ሆሹን ለቀን ወደ ገዳሪፍ ስንሸሽ እትዬ ደብሬን እጇን ይዤ ጎተትኳት። «ልጄ ድልድዩ ማዶ ናት» አለችና እጇን አላቀቀች። ከክፍሌ ጆንያዎቹን አውጥቼ ሰጠኋት። ዳግመኛ የማያት አልመሰለኝም።

ከብዙ ወራት በኋላ ገዳሪፍ ውስጥ ስደተኛ በሰፈረበት ትምህርት ቤት በር ላይ አየኋት። አጠገቧ አንዲት ረጅም ቀጭን ልጅ ቆማለች። አማል መሆኗን ሲነግሩኝ አላመንኩም። የሆነውን እትዬ ደብሬ ልጅቷ በሌለችበት ነገረችኝ።

በሳጃና ሳለች በዚያ ጆንያ እህል እርሷም ሆሹ ውስጥ የቀሩትም ቆይተዋል። መንገድ ተገኘ ሲባል የቀረውን ዱቄትና ተምር ጀርባዋ ላይ አስራ ወደ ደቡብ ወረደች፤ በጀበል አውሊያ ግድብ ተሻግራ፣ ዞራ ኦምዱርማን ለመግባት። በየኬላው አራገፏት። መጀመሪያ ዱቄቱን፣ ከዚያ ተምሩን፣ በመጨረሻ ጫማዋን። ባዶ እጇን፣ በባዶ እግሯ ገባች። ሐቦባ ነፊሳ ሞታ እዚያው ግቢዋ ውስጥ ተቀብራለች። «የመጨረሻውን ምግብ ለአማል እየሰጠች እንደሞተች ጎረቤቶቿ ነገሩኝ» አለችኝ። «ፍቅሯ እውነት ነው ብዬሽ አልነበር?»

ልጅቷ ሾርባ ከሚታደልበት ቦታ ናት ተባለች። ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም ድስት ይዟል።

«ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያየሁ አለፍኩ፣ ብርቄ። ልጄን አልፌያት ሄድኩ። እኔ ወፍራም ልጅ ነው የምፈልገው፤ ወፍራም ልጅ የለም። ከኋላዬ 'ማማ' አለኝ ድምፅ። ዞርኩ። ድስቷን ይዛ ቆማለች። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ማማ፣ ይኸው ቀጠንኩ። ደስ አለህ?'»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ድስቷን ተቀብዬ ተሰለፍኩላት።»

ገዳሪፍ ውስጥ የመማሪያ ክፍሉን ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተካፍለው ነበር የሚኖሩት። የሁሉም ጆንያ፣ የሁሉም ድስት፣ የሁሉም ዳቦ ዓይን ሥር ነው። አማል ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፤ እያየች፣ እየፈራች፣ ቶሎ ቶሎ። እትዬ ደብሬም በየሰው ቤት አጥባ ያገኘችውን ሁሉ ፊቷ ታቀርባለች። ልጅቷ ባንዴ ተመልሳ ከበደች፤ ፊቷ አበጠ፣ ስኳሩም ተነሣባት። ክኒን የለም። እኔ ነገሩ አሳስቦኝ «ሐኪሟ ያለችሽን ረሳሽው?» አልኳት።

«ቤት የለኝም፣ ብርቄ» አለችኝ። «ምኑን ልቀይር? ደግሞም ያቺ ልጅ 'ደስ አለህ' ካለችኝ በኋላ፣ ከእንግዲህ ይሄ እጄ ከፊቷ ሳህን አያነሣም።»

ውጊያው ከካርቱም ሲርቅ እኔ ወደ ሳጃና ተመለስኩ። እርሷ ልጅቷ ትንሽ እስክትጠና ብላ ቀረች። ያየኋት መጨረሻ ያ ነው።

አርባዋን እዚሁ ሆሹ ውስጥ አወጣንላት። የተመለስነው ጥቂት ሴቶች ነን፤ ንፍሮና ዳቦ አዘጋጅተን ተቀመጥን። ወጋችን ስለ ጥሩነቷ ነበር፤ ሰው ሲሞት እንደሚደረገው። ከዚያ አንዷ፣ ያን ጊዜ በሯ ላይ ቆማ የአማልን ጩኸት ትሰማ የነበረችው፣ ዳቦ እየቆረሰች «ነፍሷን ይማር» አለች፤ «ለልጇ ሆድ ግን ጨካኝ ነበረች።» ሌሎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ አስረዳሁ። ዘላቢያውን የተወችው ለምን እንደሆነ፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ ኬላው ላይ ያጣችውን። ሰሙኝ። «እሱስ ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ስለ ዳቦው ጣዕም ማውራት ጀመሩ።

በማግስቱ ወደ አማል ደወልኩ። አባቷ መጥቶ ወስዷት ፖርት ሱዳን ናት። ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት፤ «ኩለ ተማም» አለች፤ ሁሉ ደህና ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

«ኻልቶ፣ ማማ ይወደኝ ነበር?»

ወሬ አያሳምናትም፤ ወሬማ ስትሰማ ነው ያደገችው። ኦምዱርማን ከመሄዷ በፊት የሆነ አንድ ቀን ትዝ አለኝ። ሐኪም ቤት ልንሄድ ሦስታችን ዋናው መንገድ ላይ ደርሰናል፤ ሐፍላው ሞልቶ ሊነሣ ነው። እትዬ ደብሬ «አመለጠን፣ ሌላ እንጠብቃለን» አለች። አማል ቦርሳዋን ለእኔ ወረወረችና ሮጠች። ሮጠች። ጸጉሯ በአዲስ ተሠርቶ ነበርና ጀርባዋ ላይ ይዘላል። ሐፍላው ሲንቀሳቀስ ደረሰችበት፣ ጎኑን በመዳፏ ደበደበችው፣ ሾፌሩ አቆመ። እኛ ገና ሩቅ ነን። በሩ ላይ ቆማ «ማማ፣ ያላ!» እያለች በሁለት እጇ ትጠራናለች። እትዬ ደብሬ መንገዱ መሃል ቀረች። መኪና ይጮኽባታል፤ አትሰማም። «ብርቄ፣ ሮጠች እኮ» ትላለች፤ «አየሻት? ሮጠች እኮ።» ነጠላዋ ተንሸራቶ መሬት ወድቆ፣ እየሳቀች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ።

ይህንን ሁሉ በዐረብኛ ነገርኳት፤ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት።

አማል «ላ፣ አይደለም ኻልቶ» አለችኝ በለስላሳ ድምፅ፣ እኔ እንዳልከፋ የምትጠነቀቅ ይመስል። «ያ ሌላ ልጅ ነው። እኔ ሮጬ አላውቅም።»

«አንቺ ነሽ፣ አማልዬ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

«ፎቶ አለ?»

ፎቶ የለም። ያን ቀን ማንም ስልክ አላወጣም። ልጅቷን ስትሮጥ ቆመን ያየናት እኔና እናቷ ነን፤ እናቷ ገዳሪፍ ተቀብራለች።